ለመኪና ልብስ፣ በልብስ መኪና

እኔ በልብስ መኪና ነው የምኖረው፤ አባቴ ደግሞ ለመኪናው ነው የሚኖረው። ጅማ፣ መርካቶ ውስጥ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የሶፋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ብቻ መርፌ የሚበሳውን ሁሉ እሰፋለሁ። በዚህ ሥራ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን «የመኪና ልብስ ስፊልኝ» ያለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የገዛ አባቴ።

«ስንት ቁጥር ነው የምትለብሰው?» አልኩት።

አልሳቀም። አባቴ በሁሉም ነገር ይቀልዳል፤ በመኪናዋ ግን ቀልድ አያውቅም።

«ኢንተለ ኮ» አለኝ። ነገሩ ሲጠብቅበት ነው በኦሮምኛ «ልጄ» የሚለኝ። «ልብስ ከሰፋሽላት ሆስፒታል እገባለሁ። ካልሰፋሽላት አልገባም። አለቀ።»

የአባቴ ቀኝ ዓይን ከጠፋች ቆይታለች። ሲያመው «ድካም ነው»፣ ሲብስበት «ንፋስ ነው» እያለ ሰንብቶ ሆስፒታል ሄደ፤ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይተዋል አባት ብለው መለሱት። የቀረችው ግራ ዓይኑ ላይ ደግሞ ሞራ ወጣባት። ሐኪሟ ሞራው ይነሳል፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ግን አሁን ነው መሆን ያለበት፣ ከዚህ በላይ ከቆየ እኔም እርግጠኛ አልሆንም አለችን። አንዱን ቀጠሮ «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ አሳለፈው። ሁለተኛው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሱም ካለፈ ተራው መቼ ተመልሶ እንደሚደርሰን የሚያውቅ የለም። እና የኔ አባት የቀረችውን አንዲት ዓይን በመኪና ልብስ ይደራደርባታል!

ደሜ ፈላ። ግን ነገሩን ሳስበው ጭራሽ ከንቱም አልነበረም። ሐኪሟ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ዓይንዎ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ብላዋለች። እሱ ደግሞ ዝናብ ባባራ ቁጥር ጨርቅ ይዞ ይወጣና መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ጎንበስ ቀና እያለ ያደርቃታል። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ድሮ ጋራዥ ነበራት፤ መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ፈረሰ፣ ጋራዡም አብሮት ሄደ። የመኪናዋ የራሷ የሚታጠፍ ጣራም ብረቱ ዝጎ ታጥፎ ቀርቷል፤ አይነሳም። ጅማ ዝናብ ሲይዘው እንዴት እንደሚይዘው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጣራ የሌላትን መኪና ሜዳ ላይ ጥሎ ሆስፒታል መግባት ለሱ ልጅ ጥሎ እንደመሄድ ነው።

ሁለት በር፣ ክብ ክብ መብራት፣ የሚታጠፍ የሸራ ጣራ ያላት አረንጓዴ የጣልያን መኪና ናት፤ ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል። አባቴ ወጣት እያለ የቡና ጭነት መኪና መካኒክ ነበር። አጋሮ አንድ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተከምሮባት፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል እየጣለባት አገኛት። ያመጣት የውጭ አገር ቡና ገዢ አገሩ ከገባ ብዙ ጊዜው ነበር፤ መጋዘን ጠባቂው «ቦታ ይዛብኛለች፣ ውሰዳት» አለው። በጭነት መኪና ጭኖ ጅማ አመጣት። ነፍስ እስኪዘራባት ሦስት ዓመት ፈጀበት። እኔ የተወለድኩት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እናቴ «ምጥ ያዘኝ ስለው ‘ይቺን ብሎን ላጥብቅና’ አለኝ» እያለች ለጎረቤት ስታወራበት ኖረች። አላህ ይርሐማትና፣ መኪናዋን የምትጠራት «ጣውንቴ» እያለች ነበር።

ከዚያ በኋላ የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሰቃ፣ የሊሙ ሙሽራ ሁሉ በሷ ነው የተዳረችው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ጣራው ይታጠፋል፣ ሙሽራዋ ለአገር ትታያለች። እኔም የተዳርኩት በሷ ነው። ከጅሬን ቁልቁል ስንወርድ ዝናቡ ለቀቀው፤ ጣራውን ቢስበው ቢስበው እምቢ አለ። አባቴ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላኛው ጃንጥላ ዘረጋልኝ። ለራሴ ብቻ ነው የደረሰው፤ ቀሚሴ ተጨመቀ። አማቴ ገና ስታየኝ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ነው የሚለቀሰው?» አለችኝ።

እሱ ራሱም «ስሞት በሷ ነው የምትወስዱኝ፣ ጣራዋን ከፍታችሁ» ይላል። ለሰፈሩ ሁሉ፣ እየሳቀ፣ ስንት ዓመት ሙሉ። ኋላ ጉድ ያፈላብን ይኸው አፉ ነው።

እኔ ልጆቼ ከወጡልኝ ወዲህ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። ጠዋት ሱቄ እወርዳለሁ፣ ለምሳ ተመልሼ አንድ ትሪ ላይ እንበላለን። ስለዚህ ሥራውን ገና ሳልጀምረው ምሳ ላይ መጨቃጨቅ ጀመርን። እኔ ያሰብኩት ቀላሉን ነበር፤ ወፍራም ላስቲክ ገዝቼ፣ ዙሪያውን በገመድ አሥሬ መገላገል።

«ላስቲክ? ዲሲ!» አለኝ፤ ተዪው ማለቱ ነው። «እርጥብ ነገር ላይ ላስቲክ ጣልሽበት ማለት ቀቀልሽው ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ በዝገት ይጨርሳታል። ቡና ላይ እንኳ እንደዚያ አይደረግም። ባታምኚኝ አጋሮ ሂጂና ጠይቂ።»

«ለመኪና ልብስ አጋሮ ድረስ?»

«ስለ ማልበስ ከቡና አድራቂ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሄድኩ። ምን ላድርግ? በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ አጋሮ ወረድኩ። አንድ የቡና ማድረቂያ ጊቢ በር ላይ ቆሜ እንደ ለማኝ አንገቴን ሳስገባ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጠራችኝ። በእንጨት የቆሙትን ረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች አሳየችኝ። ፀሐይ ሲከር ስስ ጨርቅ ያለብሱታል፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይደርቡበታል፤ ላስቲኩ ግን ቡናውን አይነካውም። መሃሉን በዱላ ከፍ ያደርጉትና ግራና ቀኙን ንፋስ እንዲያልፍበት ይተዉታል።

«ካልተነፈሰ ያልበዋል፣ ካላበው ይሸታል» አለችኝ። «አንቺ ስንት አልጋ ነው ያለሽ?»

«አንድ መኪና።»

አየችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ጓደኞቿን፣ «ኮታ! ኮታ! ኑ፣ መኪና የምታሰጣ ሴት መጥታለች!» አለቻቸው። ተሰብስበው ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ሲጨርሱ ግን አንዷ የስሱን ጨርቅ አያያዝ፣ ሌላዋ የዱላውን ከፍታ፣ ሁሉም የሚያውቁትን ነገሩኝ። ወላሂ፣ ከነዚያ ሴቶች የተማርኩትን ከማንም ልብስ ሰፊ አልተማርኩም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ሆነ፤ ከላይ የቡና ጭነት መኪና የሚሸፈንበት ወፍራም የጥጥ ሸራ፣ ከውስጥ ቀለሟን እንዳይቧጭር ያረጀ ለስላሳ የአልጋ ልብስ፣ መሃሏን ከፍ የሚያደርግ ሁለት ቀጭን ሽመል፣ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ እጅጌ ወደ ታች የተከፈተ መተንፈሻ። ሸራውን ከአባቴ የድሮ ሾፌር ጓደኛ አገኘሁት። ዝናብና ፀሐይ ያለሰለሰው፣ ዛሬም ቡና ቡና የሚል ሸራ ነው።

«ዙሪያዋን ግን ላስቲክ አስገባበታለሁ» አልኩት።

«ብዬሻለሁ እኮ! ላስቲክ...»

«የሱሪ ላስቲክ፣ አባ ኮ! የሱሪ!»

ያኔ ሳቀ። «እሱስ ይሁን፣ ወገብ አላት» አለ።

ልኬቱን አብረን ወሰድን። እኔ ሜትሩን ስዘረጋ እሱ መዳፉን እያስቀደመ «እዚህ ጋ ትሰፋለች፣ እዚህ ጋ ሰበር ትላለች፣ ትከሻዋ ላይ አትጨቁኛት» ይለኛል። ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ በእጁ ዳሰሳት። ፍቅር ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ሸራ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፤ መልሶ መለጠፍ የለም። ስለዚህ እንደ ደንብ መጀመሪያ በርካሽ ጨርቅ ልሞክራት አልኩ። ለሶፋ ገበር የማስገባው ነጭ አቡጀዲ ሱቄ ሞልቷል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አባቴ ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄድ ከሱቅ ያመጣሁትን ጥቅል መኪናዋ ላይ ዘረጋሁት። መሃሏ ክፍት ስለሆነ ጨርቁ እየሰመጠ ልኬቱን አበላሸብኝ። ሽመሎቹ ገና አልተሠሩም። ከቤት አንድ የስፖንጅ ፍራሽ አወጣሁ፣ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩት፣ ሦስት ቦታ በገመድ አሠርኩት፣ ከዚያ ከኋላ ወንበር እስከ ፊት መስታወት በቁመቷ አጋደምኩት። አቡጀዲውን ከላይ አለበስኩ፣ ጠርዝ ጠርዙን በስፒል ያዝኩ። ልክክ አለ! ጠመኔ አልቆብኝ ነበርና ባጃጅ ይዤ ወደ ሱቅ ወረድኩ።

እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ። ያውም ለሰፈሩ ስንት ሰው ከፈን ቀድጄ የሰጠሁ ሴት ነኝ። ነጭ አቡጀዲ፣ ከሥሩ ሦስት ቦታ የታሠረ ረጅም ነገር፣ ክፍት መኪና ላይ! አንዲት ደቂቃ፣ አንዲት ሰኮንድ እንኳ ውል አላለኝም።

ስመለስ ለቅሶውን የሰማሁት ገና ከባጃጁ ሳልወርድ ነው። አጥራችን ስለፈረሰ ግቢው ከመንገድ ይታያል። ጎረቤታችን መሬት ላይ ተቀምጣ «አባታችንን! ሳልሰናበታቸው!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ከደቡብ መጥታ እዚህ የከተመች የጴንጤ ሴት ናት፤ አባቴን እንደ ወላጅ አባቷ ነው የምትወደው። አጠገቧ ሁለት ሽማግሌዎች «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የእድሩ ሰውዬ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው? ለምን ቀድሞ አልተነገረኝም?» እያለ ይቆጣል። አንዷ ደግሞ ከኋላዬ «እንዳሉትም በሷው ሊወሰዱ ነው፣ አይ ሰው!» ትላለች።

እኔ ራሴ፣ ያንን ፍራሽ በገዛ እጄ የጠቀለልኩት ሴት፣ ልቤ ቀጥ አለ። ለካ ሰው ሲያለቅስ ሲያዩ ማልቀስ ይመጣል። ከዚያ ነፍሴ መለስ ስትል ጮኽኩ፣

«ፍራሽ ነው! ኧረ ፍራሽ ነው!»

ይባስ ብሎ ሁለት ሴቶች ብድግ አሉ። «ፍራሽ አምጡላት! ታስቀምጧት እንጂ፣ ቆማ ታልቅስ እንዴ?» እያሉ ወደ ቤት ሮጡ። ለቅሶ መቀመጫ የጠየቅሁ መስሏቸው! ያ ረቢ! ያለኝ አማራጭ ስፒሉን ነቅዬ፣ አቡጀዲውን ገልጬ ማሳየት ነበር። ወደ መኪናዋ ስራመድ ጎረቤታችን «አታሳዩኝ! አልችልም!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በዚህ መሃል አባቴ መጣ። ከመስጊድ ጓደኛው ክንዱን ይዞት፣ በትሩን እየሰነዘረ፣ ቀስ ብሎ።

«ማነው የሞተው?» አለ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጎረቤታችን ቀና ብላ አየችውና «ኢየሱስ ጌታ ነው!» ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሱብሃነላህ» አለ፣ ሌላው ሳቁ አምልጦት ጢሙን ያዘ። የእድሩ ሰውዬ «እርስዎ ምነው እንዲህ ይጫወቱብናል?» ብሎ ቆሌው እንደተገፈፈ ቀረ። አባቴ ግራ እንደገባው ጎረቤታችንን ራሷን እየዳበሰ፣ በለመደው መንገድ ወደ መኪናዋ መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ። ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። የቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ነው፤ አቡጀዲው ዓይን ይወጋል።

«እና አንቺ» አለኝ፣ «መቼ ነው የምትጀምሪው? ይኸው ዛሬም ራቁቷን ናት።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ላይ የነበረችው ጎረቤታችን ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቀልዱ መስሎኛላ! ከዚያ ግን እጁን አየኋት። መኪናዋን ሲፈልግ በአየር ላይ ትንሽ ዋለለች፣ ጨርቁን ስትነካ ደንግጣ ተመለሰች። ያኔ ሳቄን ተውኩት። አባቴ አልቀለደም። ነጩን አላየውም።

ያን ዕለት ከሰዓት መቀስ አልያዝኩም። «ትንሽ ጉም ጉም ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ» ይለን ነበር። ቤት ውስጥ የበሩን፣ የደረጃውን፣ የውሃውን ቦታ ያውቃል፤ ወደ መስጊድ ጓደኛው ይይዘዋል፤ ምሳ ላይ እኔ ጎርሼ ሳልጨርስ እጁ ትሪው ላይ ናት። የሰው መጋረጃ ላይ ግማሽ ጣት የተንሻፈፈ ስፌት ከመንገድ ማዶ የማይ ሴት፣ አንድ ትሪ ላይ አብሬው እየበላሁ አባቴን አላየሁትም። ቢሆንም ምንም አላልኩትም። አውቄበታለሁ ብለው ልቡ የሚሰበር መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነው።

ይልቅ ሥራዬን አጣደፍኩት። ሸራው የዋዛ አልነበረም። መርፌ ቁጥር አሥራ ስምንት አስገብቼ እንኳ በመጀመሪያው ቀን አራቱን ሰበረብኝ። እጥፋቱ ላይ ስደርስ በእግሬ መርገጡን ትቼ መዘውሩን በእጄ እያዞርኩ አንድ አንድ ስፌት ነው ያሳለፍኩት። መብራት ጠፍቶ ጎረቤት ሱቆች ቁጭ ሲሉ የኔ የእግር መኪና ቀኑን ሙሉ ትንጫጫለች። የሚያልፈው ሁሉ «ድንኳን ነው?» ይለኛል። «የሰው ልብስ ነው» እላለሁ፣ አቦ ይተዉኝ ብዬ።

አልቆ ስወስድለት ቀጠሮው ሰባት ቀን ቀርቶታል። አለበስናት። በሁለት እጁ ዳበሳት። «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ «የጎን መስታወቷ ኪስ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽቷል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሸሽቷል። ፈትቼ አስተካከልኩ። በማግስቱ «መተንፈሻው ሰፍቷል» አለኝ። አጠበብኩ። ከዚያ «ጠቧል» አለኝ። አሰፋሁ። ከዚያ የኋላው ክር ቀጥኗል፣ ከዚያ ላስቲኩ ላልቷል። ቀጠሮውን ሳነሳበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ግቢ ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ ዳስሶ ጨረሰና፣

«ይፈታ» አለኝ። «ሙሉው። አፍንጫዋ ላይ ይዟታል።»

«አልያዛትም።»

«ይዟታል ስልሽ!»

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ይህን ከማን እንደወረስኩት አገር ያውቃል። ቱግ አልኩ።

«አባ ኮ፣ ያን ቀን አቡጀዲ ለብሳ ነበር። ከላይ እስከ ታች ነጭ። አንተ ፊቷ ቆመህ ‘ራቁቷን ናት’ አልክ።»

እጁ ሸራው ላይ እንዳለች ቀረች።

«ሲስቁ ገባኝ» አለኝ። «የሆነ ነገር ለብሳ እንደነበር የገባኝ ሲስቁ ነው። ይሳቁ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እንደዚህ የሆንከው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንገረኝ!»

አልነገረኝም። ሸራውን ከአፍንጫዋ ወደ ኋላ ገፈፈው፣ በሩን ዳብሶ የመኪናዋ መርገጫ ላይ ቁጭ አለና ሌላ ነገር ነገረኝ።

«ቀኟን ዓይኔን ይዤ ስሄድ ዘግይተዋል አሉኝ። እስክሄድ ድረስ ግን አልዘገየችም ነበር፣ ገባሽ? ቤቴ ሳለሁ ገና ነበረች። ይቺንም ይዤ ሄጄ እንደዚያ ካሉኝ ከዚያ ወዲያ ምን አለኝ? አሁን ቢያንስ ገና ናት እላለሁ።»

አባቴ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። መካኒክ ነው፤ ጭነት መኪና ሥር ተኝቶ እየዘፈነ የሚሠራ ሰው ነው። አቅፌ ማጽናናት ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለሷ መሰለህ የሰፋሁት? ለዚች ዝገት? እሷ ብትበሰብስ ምን ገዶኝ! ምክንያት እንዳይኖርህ ነው የሰፋሁት። አጋሮ ድረስ ሄጄ ሰው የሳቀብኝ፣ ጣቴ እስኪላጥ የረገጥኩት፣ አስር ጊዜ የፈታሁት ላንተ ነው። ዘግይቷል ካሉን ዘግይቷል። አብረን እንሰማዋለን፣ አብረን እንመለሳለን። ብቻህን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ ደህና ነኝ እያልክ እንድታታልለኝ ግን አልፈልግም!»

እያለቀስኩ ነው፣ በንዴት። ዝገት ማለቴ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ። እሱ ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠና ሳቀ።

«ልክ እናትሽን» አለኝ። «ልክ የጣውንቷን ነገር ስታነሳ።»

ከዚያ ተነሳ። የሸራውን ጫፍ ፈልጎ ያዘ። «ነይ፣ ያን በኩል ያዢ። ከአፍንጫዋ ነው የሚጀመረው» አለኝ። እሱ በግራ እኔ በቀኝ ሆነን አወረድነው። የሱሪው ላስቲክ ከሥሯ ጥብቅ ብሎ ገባ። አንድም ቦታ አልያዛትም። በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረጋት።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው ያሉሽ?» አለኝ።

ሰኞ ሄድን። ቀዶ ጥገናው ቡና የመጠጣት ያህል እንኳ አልፈጀም። ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ወደ ቤት መለስኩት፤ ነገ ጠዋት ይከፈታል ተባልን። አመሻሹ ላይ ዝናቡ መጣ፣ ሌሊቱንም አልተወም። ጠዋት ወደ ሆስፒታል ስንወጣ እጄን ከልብሷ ሥር ሰደድኩና ወንበሯን ነካሁት።

«አባ ኮ፣ ደረቅ ናት! ጠብታ የለባትም!»

«ስለሷ ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። ባጃጅ ውስጥ እስክንደርስ ከንፈሩ ዱዓ ሲያደርግ ይታየኛል።

ሐኪሟ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ለእኔ የጠብታውን ማዘዣ ሰጠችኝ፤ የመጀመሪያው በቀን ስንቴ፣ ሁለተኛው ስንቴ እንደሆነ እሱን እያነበብኩ ነው። ቀና ብዬ ለማየት ወኔው አልነበረኝም። ፕላስተሩ ሲላቀቅ ሰማሁት። ዓይኑን በጥጥ ጠረገችለትና «ቀስ ብለው ይክፈቱ» አለችው። ከዚያ እጇን ከፊቱ አነሳች።

«አባት፣ ስንት ጣት ነው?»

አልመለሰም።

«አባት፣ ይህ ስንት ነው?»

አሁንም ዝም። ዘግይቷል፣ አለቀ አልኩ በውስጤ። ወረቀቱን ይዤ ቀና አልኩ። አባቴ ጣቷን አያይም ነበር። እኔን ነው የሚያየው። ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባ አቅርሮ፣ ቀጥ ብሎ ፊቴን ያያል።

«ይሄ መነጽር ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ።

ዓይኔ ደክሞ መነጽር ካደረግሁ አራት ዓመቴ ነው። ከእንቅልፌ ስነሳ አደርገዋለሁ፣ ስተኛ አወልቀዋለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ምሳ ላይ ፊት ለፊቱ አድርጌው ተቀምጫለሁ።

«አራት ዓመት» አልኩት።

እሱም ቆጠረው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንባዬ መጣና መነጽሩን ላወልቅ እጄን ሳነሳ፣

«አታውልቂው» አለኝ። «ገና አልጠገብኩሽም።»